ተቀምጠው የመጡት ሽማግሌ

ሽማግሌ ሆኖ ልጅ ለመጠየቅ ምን ያስፈልጋል ብትሉኝ፣ እስከዚያ እሁድ ድረስ ዕድሜ፣ ትዕግሥትና ነጭ ጋቢ ነው የምላችሁ ነበር። እኔ ሦስቱም የሉኝም። ዕድሜዬ ገና ሠላሳዎቹ ላይ ነው። ትዕግሥቴን የታክሲ ረዳቶች በደንብ ያውቁታል። ጋቢዬን ታናሽ እህቴ ስታገባ ይዛው ሄዳለች፤ እስካሁንም አልመለሰችውም። ቢሆንም ተመረጥኩ። የተመረጥኩበት ምክንያት ሁለት ዓይንና አንድ ተኩል እግር ስላለኝ ብቻ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። የምሠራው አቃቂ በሰቃ ውስጥ መጥረጊያና መወልወያ የሚያመርት አንድ ድርጅት ነው። ድርጅቱ የሚቀጥረው ዓይኑ፣ ጆሮው፣ እጁ ወይም እግሩ አንድ ነገር ያጎደለበትን ሰው ነው። እኔ ግራ እግሬ ሕፃን ሆኜ ቀጥኖ ስለቀረ በክራንች ነው የምሄደው። እንግዳ ሊጎበኘን ሲመጣ በር ላይ ከንፈሩን ይመጥጣል። ገብቶ ትንሽ ከቆየ ግን መምጠጡን ይተዋል፤ ምክንያቱም እንደማንኛውም መሥሪያ ቤት ዕቁብ አለ፣ ሐሜት አለ፣ አለቃን የሚያማ አለ፣ የሰው ምሳ ዕቃ ከፍቶ ሥጋውን ብቻ መርጦ የሚበላ አለ። የመጨረሻው ሰው ማን እንደሆነ እናውቃለን፤ ዛሬ ግን የሱ ቀን አይደለም።

ከሌላው መሥሪያ ቤት የሚለየን አንድ ደንብ ነው። ሰው «ያዙኝ» ካላለ አይያዝም። በቃ። ብትወድቅም፣ ብትንገዳገድም፣ ግድግዳ ልትገጭ ብትሆንም «ያዙኝ» እስክትል ድረስ ማንም አይነካህም። ደንቡን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፤ የትም አልተጻፈም። ምክንያቱ ግን አይጠፋኝም። ጋሽ መኩሪያ የሚባሉ ዓይናቸው የማያይ መጥረጊያ አሳሪ አሉን። አንድ ቀን ጠዋት ታክሲ እየጠበቁ መንገድ ዳር ቆመው ሳለ አንድ ደግ ሰው ክንዳቸውን ይዞ አስፋልቱን አሻገራቸው። ምርቃቱን ሳይቀበል ሄደ። ወዲያው ሌላ ደግ ሰው መጥቶ መልሶ አሻገራቸው። ሦስተኛው ደግ ሰው ሲመጣ ግን በዱላቸው ነበር የተቀበሉት። የዚያን ቀን ሥራ አርፍደው ገቡ።

የደንቡ ዋና ጠበቃ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ከአደጋ በኋላ ዊልቸር ላይ ተቀመጡ። የቡሩሽ ክፍል ኃላፊ ናቸው። ከገቡ ጀምሮ «ያዙኝ» ሲሉ የሰማቸው ፍጡር የለም። አንድ ጊዜ ግቢያችን ውስጥ የዊልቸሩ ጎማ ቦይ ውስጥ ገብቶ ተገለበጡ። ሁላችንም ተሰብስበን፣ በደንባችን መሠረት እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ቆምን። እሳቸው በጎናቸው እንደተኙ፣ «ትናንት ኳሱ እንዴት አለቀ?» ብለው ጠየቁ። ነገርናቸው። በዳኛው ላይ አስተያየት ሰጡ። ከዚያ በክንዳቸው ተጎትተው፣ ዊልቸሩን አቅንተው፣ ወጥተው ተቀመጡ። እኛም ወደ ሥራችን ተመለስን።

አሁን ወደ በላይና ጽጌ ልምጣ። በላይ መስማት የተሳነው ነው፤ መወልወያ ይሰፋል። ጽጌ ግራ እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ ደካማ ነው፤ በላይ የሰፋውን እየቆጠረች ታሽጋለች። የምልክት ቋንቋ የተማረችው ስፌቱ ተንጋደደ ብላ ልትጨቃጨቀው ስትል ነው። በምልክት ሲጨቃጨቁ፣ በምልክት ሲታረቁ፣ ምሳ ሰዓት ላይ እጃቸው በወሬ ተይዞ እንጀራው ሲደርቅ፣ ነገሩ ለሁላችንም ገባን። የማያዩት ጋሽ መኩሪያ እንኳ፣ «ይቺ ልጅ ሳቋ ተለውጧል» ብለው ነበር።

ጉዳዩ የጽጌ አባት ጋ ነው የተበላሸው። አቶ ወንድሙ የፋብሪካ ፎርማን ሆነው ጡረታ የወጡ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የደረሳቸው፣ አንድ ልጅ ያላቸው ሰው ናቸው። የበላይ አጎቶች በጥሩ ሱፍ ልብስ፣ በጥሩ መኪና ሄደው ልጅ ጠየቁ። አቶ ወንድሙ በደንብ አስተናግደው እንዲህ ብለው መለሷቸው፦ «ልጁን አልጠላሁትም። ግን እሷ አንድ እጅ፣ እሱ ጆሮ የለው። ማን ማንን ሊይዝ ነው? ሌላ ሽማግሌ ከላከ አንዴ እሰማለሁ። ከዚያ በኋላ በቃ። ልጄንም ከዚያ ሥራ አስወጥቼ ቤቴ አስቀምጣታለሁ።»

በላይ ይህን በሰማ ማግስት ምሳ ሰዓት ላይ ፊታችን ቆሞ በምልክት ተናገረ። ሁላችንም እዚያ ቤት የምልክት ቋንቋ ቢያንስ ለመሳደብ ያህል እናውቃለን። «የሥጋ ዘመዶቼን ላክሁ፤ ተመለሱ። አሁን እናንተ ሂዱልኝ። ካልሆነ ከእንግዲህ ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ጽጌ አትሆንም» አለ። ለጋሽ መኩሪያ ጽጌ ራሷ በቃል ተረጎመችላቸው፤ መጨረሻው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ፤ የቀረውን እኔ ጨረስኩት።

ጋሽ መኩሪያ ጥያቄው ሳያልቅ ተቀበሉ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ንግግር የሚያደርጉበት ሰበብ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ናቸው። ጋሽ ሰይድ «ስንተኛ ፎቅ ነው?» አሉ። አራተኛ ተባሉ። ሊፍት የለውም ተባሉ። ትንሽ አስበው «እሺ» አሉ። ሦስተኛ ሰው ሲፈለግ የበር ቁጥር የሚያነብ ዓይን፣ ደረጃ የሚወጣ ዓይነት እግር ያለው ይሁን ተባለና ሁሉም ዞሮ እኔን አየኝ። ጋሽ መኩሪያም ዞሩ።

እሁድ ከሰዓት ተነሣን። እኔ ከጎረቤቴ የተዋስኩትን ኮት ለብሻለሁ፤ እጅጌው ክራንቼን እየሸፈነ ያስቸግረኛል። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ፣ «ዊልቸሩ ቦታ ስለሚይዝ እንደ ሰው ይከፍላል» አለ። ጋሽ ሰይድ አልተከራከሩም። ከከፈሉ በኋላ ግን፣ «ከፋይ ከሆነ ጋቢና ይግባ፤ ሰው ነዋ» አሉ። ረዳቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሹፌሩ ደግሞ ድሮ ሹፌር እንደነበሩ ሲሰማ፣ «ጋሼ ያሉት ይሁን» አለ። እንደዚያ ሆኖ ዊልቸሩ ጋቢና በክብር ተቀምጦ፣ እኛ ከኋላ ሽንኩርት ከጫኑ ሴቶች ጋር ተጣበን ኮዬ ፈጬ ገባን። በላይ በሌላ ታክሲ ተከትሎን መጥቷል። ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይሄድም ብንለው፣ «ከታች ነው የምቆመው» አለ። መልእክት በስልክ እንልክልሃለን ብንለውም አላመነም፤ እሱ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ተስማማን፦ ከተፈቀደ እኔ በረንዳ ላይ ወጥቼ ክራንቼን ከፍ አደርጋለሁ።

ብሎኩ ሥር ስንደርስ ጋሽ ሰይድ ከዊልቸሩ ወርደው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ጀርባቸውን ወደ ላይ ሰጥተው፣ በክንዳቸው ራሳቸውን እያነሡ፣ አንድ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ መውጣት ጀመሩ። ሱፍ ልብሳቸው የደረጃውን አቧራ እየጠረገ ይከተላቸዋል። ጋሽ መኩሪያ የታጠፈውን ዊልቸር ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ በሌላ እጃቸው ብረቱን ተደግፈው ከፊት ወጡ። እኔ ከጋሽ ሰይድ ጎን እያነከስኩ እወጣለሁ። «ላግዝዎት» ለማለት አፌ በላኝ። ደንቡን አስቤ ተውኩት።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት ዳቦ በፌስታል ይዛ ስትወርድ አየችን። ደረጃ ላይ የተቀመጡትን ጋሽ ሰይድን አየች፤ ክራንቼን አየች፤ ፊቷ ተለወጠ። አንድ ዳቦ አውጥታ ጋሽ ሰይድ ጭን ላይ አስቀመጠችና፣ «እግዜር ይርዳችሁ» አለች።

«እመቤት፣ እኛ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ሴትዮዋ አዘነች። «ልጅዎ ጠፍቶ ነው?» አለች። ሁለተኛ ዳቦ ጨመረችና ወረደች። ጋሽ ሰይድ ዳቦውን መጣል ነውር ነው ብለው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

እኛ ከዳቦው ጋር ስንጋተር ጋሽ መኩሪያ ርቀውን ሄደው ነበር። እሳቸው ፎቅ የሚያውቁት በእግራቸው ነው፤ ከሴትዮዋ ጋር ስናወራ ጆሯቸውን ወደ ኋላ ጥለው ኖሮ ሒሳቡ ተምታታባቸው። ከላያችን በር ሲንኳኳ፣ ሲከፈት ሰማሁ። ቀጥሎ አንድ ሰው «ወንበር አልገዛም» ሲል ሰማሁ። ቀጥሎ ያ ወፍራም ድምፅ ሲጀምር ሰማሁ።

እንዲያ ያለ ንግግር ከዚያ በፊት አልሰማሁም። ስለ ትዳር ክብር፣ ስለ ዘር መብዛት፣ ስለ መልካም ጎረቤት፣ ስለ በላይ እጅ ሥራ፣ ስለ ጽጌ ጨዋነት ያልተባለ ነገር አልነበረም። አንድ ቦታ ላይ እኔ ራሴ ለማግባት አሰብኩ። ደረጃውን እየተንፈራፈርኩ ወጥቼ ስደርስ በሩ ላይ የቆመው በቁምጣ ያለ፣ ፀጉሩ ላይ ሳሙና ያለበት አንድ ወጣት ነው። ውሃው እየተንጠባጠበ እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ አዳመጣቸው።

«አባቴ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ልጅ የለኝም። ገና አላገባሁም» አለ።

«ታዲያ ምን ብለህ ከፈትክ?» አሉ ጋሽ መኩሪያ።

«ስላንኳኩ» አለ ልጁ። ሳሙናው ዓይኑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ጋሽ መኩሪያ ሦስተኛ ፎቅ መሆናቸውን ሲረዱ ግድግዳው ላይ ተደገፉ። «አለቀ። የዓመት ስንቄን ነው የጨረስኩት» አሉ። ላይ ይድገሙታ ብላቸው፣ ንግግር እንደ ወጥ ተሞቆ አይቀርብም አሉኝ። ጋሽ ሰይድ ከሥር ደርሰው፣ «ምን ተፈጠረ?» አሉ። ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቀን ሳቁ።

አራተኛ ፎቅ ላይ ጋሽ ሰይድ አቧራቸውን አራግፈው ዊልቸራቸው ላይ ወጡ። የበሩን ቁጥር ሁለት ጊዜ አነበብኩ። አንኳኳን። አቶ ወንድሙ ራሳቸው ከፈቱ። ረዘም ያሉ፣ ሰውን ከእግር እስከ ራስ የማየት ልማድ ያላቸው ሰው ናቸው። አዩን። ማን እንደሆንን፣ ለምን እንደመጣን ወዲያው ገባቸው። ሳሎን አስገቡን። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከማዕድ ቤት ብቅ ብለው እጅ ነሡን። ወደ መኝታ ቤት በሚያስገባው መጋረጃ ሥር ሁለት ነጠላ ጫማ ያደረጉ እግሮች ይታያሉ፤ የጽጌ ናቸው፤ አይንቀሳቀሱም።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ተቀመጡ» አሉ አቶ ወንድሙ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ መኩሪያ፤ እንደ ወጉ ነው።

አቶ ወንድሙ ጋሽ ሰይድን አዩአቸው። «እሳቸው ግን ተቀምጠዋል» አሉ። ቀልድ ይሁን ምር እስከዛሬ አላወቅኩም። «በእኛ አገር ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ። ሳልሰጥ ከተቀመጠማ ነገሩ ተጀምሮ አለቀ ማለት ነው።»

ጋሽ ሰይድ ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ መልስ አጥተው አይደለም፤ መልሱን እያሞቁት ነው። እስከዚያው ጋሽ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ንግግራቸውን ጀመሩ። «እንግዲህ ትዳር… ትዳር ማለት… ቀደም ሲል እንደተባለው…»

«የት ነው የተባለው?» አሉ አቶ ወንድሙ።

«ሦስተኛ ፎቅ» አሉ ጋሽ መኩሪያ። ውሸት አይችሉም።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። ግን በመጋረጃው ሥር ያሉት እግሮች አንዱ በአንዱ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ ሳቄ ጠፋ። አቶ ወንድሙ ተቀምጠው መናገር ጀመሩ። ድምፃቸው ክፉ አልነበረም፤ ቢከፋ ይሻለን ነበር። «እኔ ልጁን አልጠላሁም። እኔና እናቷ ግን ነገ የለንም። አንድ ቀን ብትወድቅ ጠርታው አይሰማም። እሱ ቢወድቅ እሷ አታነሣውም። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጠይቃችሁ፤ ማን ማንን ይይዛል? መልስ ካላችሁ ስጡኝ።»

 ጋሽ መኩሪያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፤ እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ። ጫማዬ ላይ የደረጃው አቧራ ነበር። አቶ ወንድሙ መልስ እንደሌለን አይተው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ለመነሣት ተዘጋጁ፤ ሊሸኙን ነው። «እንግዲህ ሰምቻለሁ» አሉ።

«ቆይ» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ገና መቼ ጠየቅን። ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጠይቅ ብለውናል።» የዊልቸራቸውን ፍሬን ያዙ። ወደ እኔና ወደ ጋሽ መኩሪያ ዞሩ። «ያዙኝ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ጋሽ መኩሪያ ቀስ ብለው፣ «ሰይድ፣ ምን አልክ?» አሉ።

«ሰምተሃል። ያዙኝ።»

እንዲህ ያለ ሥራ በመሥሪያ ቤታችን ተሠርቶ ስለማያውቅ አሠራሩን አላወቅንም። ጋሽ መኩሪያ በቀኝ ብብታቸው ገቡ፤ እኔ በግራ። ሁለቱንም እጄን ስለፈለግሁ ክራንቼን ለቀቅሁት፤ ወደ ሶፋው ሥር ገባ። አነሣናቸው። ጋሽ ሰይድ ረጅም ሰው መሆናቸውን ያን ቀን አወቅሁ። ሙሉ ክብደታቸው በእኔ አንድ እግርና በጋሽ መኩሪያ ትከሻ ላይ አረፈ። እኔ ወደ ጋሽ መኩሪያ አዘነበልኩ፤ ጋሽ መኩሪያ ወደ ጋሽ ሰይድ፤ ጋሽ ሰይድ ወደ እኔ። ከኪሳቸው ዳቦው ወድቆ ምንጣፉ ላይ ተንከባለለ።

«አቶ ወንድሙ፣ ልጅዎን ለልጃችን» አሉ ጋሽ ሰይድ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

አቶ ወንድሙ ደንግጠው ተነሡ፤ ሊደግፏቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«እርስዎን አላልኩም» አሉ ጋሽ ሰይድ። አቶ ወንድሙ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሰበሰቡት።

 የኔ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ መኩሪያ በሹክሹክታ፣ «ምን እያደረጉ ነው?» አሉኝ።

«እያዩን ነው።»

«ምን ዓይነት ማየት ነው?»

አቶ ወንድሙ ፎርማን ሆነው ማሽን ሲመረምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብለው እግራችንን አዩ። ዞረው ከጎን አዩን። ክንዶቻችን የት ገብተው የት እንደሚወጡ ፈለጉ። «አሁን ማነው ማንን የያዘው?» አሉ በመጨረሻ። ሲጠይቁ እውነት ማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

«እኔም ጠፍቶኛል፤ ግን አንዳችን ብንለቅ ሦስታችንም ምንጣፉ ላይ ነን» አልኩ።

እትዬ አስካለ ከማዕድ ቤቱ በር፣ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ምን ትጠብቃለህ? ሊወድቁ እኮ ነው» አሉ። አቶ ወንድሙ ሚስታቸውን አዩ። መጋረጃውን አዩ። ከሥሩ ያሉትን እግሮች አዩ። ዓይናቸው ሲረጥብ አይቻለሁ፤ በኋላ ጉንፋን ነው ብለዋል።

«ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጥን። ማን ቀድሞ እንደተቀመጠ አላውቅም፤ ጋሽ ሰይድ ከሥር፣ እኔ ከመሐል፣ ጋሽ መኩሪያ ከላይ ሆነን ሶፋው ላይ አረፍን። እትዬ አስካለ ዳቦውን ከምንጣፉ አንሥተው፣ እፍ ብለው፣ «ይህን ደግሞ ከየት አመጣችሁት?» አሉ። «ጎረቤታችሁ ናት የሰጠችን፤ ደረጃ ላይ» አሉ ጋሽ ሰይድ ልብሳቸውን እያስተካከሉ። አቶ ወንድሙ ነገሩ ሲገባቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

በረንዳ ወጥቼ ክራንቼን ከፍ ላድርግ ብል ክራንቼ ሶፋው ሥር ነው፤ ሶፋው ላይ ደግሞ ሁለት ሽማግሌ አለ። ያኔ መጋረጃው ተገለጠ። ጽጌ ማንንም ሳታይ በመሐላችን አልፋ በረንዳ ወጣች። ከታች በላይ አንገቱን አስግጎ ወደ ላይ እያየ ቆሟል። በደህናው እጇ አንድ ነገር ተናገረችው። እሱ ሁለቱንም እጁን ከፍ አድርጎ አወረደ፤ መናገር አቅቶት ነው፤ መልሶ ከፍ አደረገ።

«ምን አለችው?» አሉኝ አቶ ወንድሙ።

«‹አባቴ ይዞኛል፤ አንተም ውጣ› ነው የምትለው» አልኩ። የምልክት ቋንቋዬ ደካማ ስለሆነ ግማሹን ከራሴ ጨምሬ ሊሆን ይችላል። ጽጌ ግን ሰምታ አላረመችኝም።

በልተን፣ ጠጥተን፣ በላይን አቶ ወንድሙ ፊት አስቀምጠን፣ የሠርጉን ነገር ጀምረን መሄጃችን ደረሰ። ጋሽ ሰይድ ዊልቸራቸውን ደረጃው ራስ ላይ አቁመው ወደ ታች አዩ። መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መውረድ ሌላ ነው። ክንዳቸው እንደደከመ ያስታውቃል። እኛ እንደ ደንባችን እጃችንን ወደ ኋላ አጣምረን ቆምን። ዞር ስል አቶ ወንድሙም ከጎናችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ጽጌ ከኋላቸው ኮታቸውን በአንድ እጇ ይዛለች፤ ማን እንዳስተማራቸው ገባኝ።

ጋሽ ሰይድ ደረጃውን ብዙ አዩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«አቶ ወንድሙ።»

«አቤት።»

«ያዙኝ።»

አቶ ወንድሙ እጃቸውን ፈቱ። ቸኩለው አልያዟቸውም። ጎንበስ አሉና በሕይወቴ ደግ ሰዎች ሲጠይቁ ሰምቼ የማላውቀውን ጥያቄ ጠየቁ። «የት ጋ ልያዝዎት?» አሉ።

ጋሽ ሰይድም አሳዩአቸው።